የፊውዥን ፕላዝማ ጠርዝ፦ ስለ አዮናይዜሽንና ስለ ኪኔቲክ ጣጣዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ፊውዥን፣ ማለትም ቀላል ኒውክሊየሶችን አዋህዶ ኃይል ስለማውጣት፣ ሲወራ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ፕላዝማው መሃል ነው። 150 ሚሊዮን ዲግሪ፣ በምድር ላይ ያለች ፀሐይ፣ ምናምን። መሃሉ ደስ ይላል፣ አልክድም። እንቅልፍ የሚነሳው ግን ጠርዙ ነው። የሚከተሉት ጥያቄዎች በየጊዜው የሚመጡልኝ ናቸው። አንዳንዶቹን በሁለት መስመር እናልፋቸዋለን፣ አንዳንዶቹ ላይ ግን ትንሽ እንቆያለን።

"ጠርዝ" የምትሉት የት ጋ ነው?

ቶካማክን አስቡት። ቀለበት የመሰለ፣ አየሩ የወጣለት ትልቅ ዕቃ ነው። ውስጡ ያለው ፕላዝማ፣ ማለትም አቶሞቹ ኤሌክትሮናቸውን አጥተው አዮን የሆኑበት ሞቃት ጋዝ፣ ግድግዳውን እንዳይነካ መግነጢሳዊ መስክ ይይዘዋል። መሃል አካባቢ ያሉት የመስኩ መስመሮች እዚያው ይዞራሉ እንጂ ወደ ውጭ አይወጡም፤ እነሱን ይዞ የሚሮጥ ኤሌክትሮንም የትም አይደርስም። ወደ ውጭ ስትጠጉ ግን አንድ ድንበር አለ፣ ሴፓራትሪክስ ይባላል። ከእሱ ያለፈ መስመር ዞሮ ዞሮ መጨረሻው ግድግዳ ነው። ይቺ ከድንበሩ ውጭ ያለች ቀጭን ሽፋን ስክሬፕ ኦፍ ሌየር ትባላለች። መስመሮቹ ሆን ተብሎ ወደ ዕቃው ግርጌ እንዲወርዱ ይደረግና እዚያ ጠንካራ የብረት ሰሌዳዎች ይጠብቋቸዋል። ሰሌዳዎቹ ያሉበት ክፍል ዳይቨርተር ነው።

እኔ ጠርዝ ስል ከሴፓራትሪክሱ ወደ ውስጥ ካሉት ጥቂት ሴንቲሜትሮች ጀምሮ እስከ ዳይቨርተሩ ሰሌዳ ድረስ ያለውን በሙሉ ማለቴ ነው።

ኤሌክትሮን ቮልት ስትሉ ግራ ይገባኛል። በዲግሪ አይሻልም?

አይሻልም። 1 ኤሌክትሮን ቮልት ወደ 11,600 ዲግሪ ነው፤ አንዴ ያዙትና እንቀጥል። መሃሉ ከ10,000 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ነው። ሴፓራትሪክሱ ጋ ወደ 100 ይወርዳል። ሰሌዳው ጋ ሲደርስ ከ5 በታች ቢሆን ደስ ይለናል። በዲግሪ ካወራን ሁሉም "በጣም ሞቃት" ይሆንና ልዩነቱ ይጠፋል። ደግሞም አንድ የሃይድሮጅን አቶም ኤሌክትሮኑን የሚለቀው 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ሲከፈለው ነው። ሙቀቱም ክፍያውም በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ ብዙ ነገር በዓይን ይታያል።

መሃሉ ያን ያህል ሞቆ ሳለ ጠርዙ ላይ ምን አስጨነቃችሁ?

ስፋቱ። በደቡብ ፈረንሳይ፣ ካዳራሽ አጠገብ እየተገነባ ያለው ኢተር የተባለ ትልቅ ቶካማክ 50 ሜጋዋት ማሞቂያ ገብቶለት 500 ሜጋዋት የፊውዥን ኃይል እንዲሰጥ ታስቦ የተነደፈ ነው። ከ500ው አብዛኛውን ኒውትሮኖች ይዘውት ይወጣሉ። ኒውትሮን ቻርጅ ስለሌለው መስኩን ከምንም አይቆጥረውም፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ በየግድግዳው ይበተናል። አንድ አምስተኛው፣ ማለትም 100 ሜጋዋት ገደማ፣ በሂሊየም ኒውክሊየሶች አማካይነት ፕላዝማው ውስጥ ይቀራል። ማሞቂያውን ጨምሩበት። የተወሰነው በጨረር ይወጣል፣ የተረፈው ወደ 100 ሜጋዋት የሚጠጋ ኃይል ግን ሴፓራትሪክሱን ተሻግሮ በዚያች ቀጭን ሽፋን በኩል ወደ ዳይቨርተሩ ይወርዳል።

ምን ያህል ቀጭን ናት? ከብዙ ማሽኖች የተሰበሰበ ልኬት ላይ ተመሥርቶ በ2013 የወጣው ቀመር ለኢተር 1 ሚሊሜትር ገደማ ይሰጣል። አንድ ሚሊሜትር! ውሃ የሚዘዋወርበት የተንግስተን ሰሌዳ ደግሞ በቋሚነት የሚችለው በካሬ ሜትር 10 ሜጋዋት አካባቢ ነው። ኃይሉ በመንገድ ላይ ካልተበተነ ሰሌዳው አይተርፍም።

በኋላ ኤክስ ጂ ሲ በተባለ ኪኔቲክ ኮድ (ቅንጣቶቹን በየፍጥነታቸው ለይቶ በሚቆጥር የኮምፒውተር ፕሮግራም፤ ዝርዝሩ ከታች ይመጣል) ሲሰላ ግን ስፋቱ ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር ሆኖ ወጣ። በኮዱ ውስጥ የኢተር ጠርዝ ዛሬ ካሉት ማሽኖች በተለየ መንገድ ይናወጣል፣ ንውጥውጡም ሽፋኗን ያሰፋታል። ክርክሩ አላለቀም። ግን እዩት፤ "ኪኔቲክ" የሚለው ቃል እዚህ ላይ የማሽኑን ዕድሜ የሚወስን ጉዳይ ነው።

ፕላዝማ ማለት አዮን የሆነ ጋዝ ነው ብለውን የለም? ታዲያ አዮን ያልሆነ አቶም እዚያ ምን ያደርጋል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። መሃሉ ላይ ገለልተኛ አቶም የለም ማለት ይቻላል። ጠርዙ ላይ ግን በየሰከንዱ ይወለዳል። የሚወልደው ግድግዳው ነው። አዮን ሰሌዳውን ሲመታ ኤሌክትሮን ያገኛል፣ አቶም ወይም ሞለኪውል ሆኖ ይመለሳል። ተመልሶ ፕላዝማው ውስጥ ሲገባ ኤሌክትሮን ይመታውና እንደገና አዮን ይሆናል። አዮኑ መስመሩን ይዞ ሰሌዳው ላይ ይወርዳል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሪሳይክሊንግ ይሉታል።

ግድግዳው አንዴ በሃይድሮጅን ከጠገበ በኋላ የመታው ሁሉ ይመለሳል ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንዱ ቅንጣት ደጋግሞ ይዞራል። ሰሌዳው ላይ የሚወርደው የአዮን ብዛት ከላይ ከመሃሉ ከመጣው በብዙ እጥፍ የሚበልጠው ለዚህ ነው። ዳይቨርተሩ የራሱን ፕላዝማ እዚያው ያመርታል።

በፎቶ ላይ ጠርዙ ብቻ ሮዝ ሆኖ የሚታየው፣ መሃሉ ባዶ የሚመስለውስ?

ይሄን ፎቶ መጀመሪያ ሳይ መሃሉ ጠፍቷል ብዬ ነበር። የጠፋ ነገር የለም። መሃሉ ላይ ያለው ሃይድሮጅን ኤሌክትሮኑን ሙሉ በሙሉ ስላጣ በሚታይ ብርሃን የሚያበራበት ነገር የለውም። ጨረሩ በአብዛኛው በዓይን የማይታይ ኤክስሬይ ነው። ለዓይናችን እንደ መስታወት ያሳልፋል።

ጠርዙ ላይ ግን ገና ኤሌክትሮናቸውን ያልጣሉ አቶሞች አሉ። ኤሌክትሮን ሲመታቸው አንዳንዴ የራሳቸውን ኤሌክትሮን ይነጠቃሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ ይነቃቁና ብርሃን አውጥተው ይረጋሉ። የዲዩቴሪየም (ለነዳጅ የምንጠቀምበት ከባድ ሃይድሮጅን) ቀይ ብርሃን 656.1 ናኖሜትር ላይ ነው፣ ከሌሎቹ ሰማያዊና ሐምራዊ መስመሮች ጋር ሲቀላቀል ሮዝ ይመስላል። እናም የሮዙ ቀለበት አዮናይዜሽኑ የት እየተካሄደ እንደሆነ የሚያሳይ ካርታ ነው። በተለመደው የጠርዝ ሁኔታ አንድ ቀይ ፎቶን ስትቆጥሩ 15 ገደማ አቶሞች አዮን ሆነዋል ማለት ነው። ካሜራ ይዞ አዮናይዜሽን መቁጠር ይቻላል፤ ይሄ ዘዴ ሁሌም ያስገርመኛል።

አንድ አቶም አዮን ለማድረግ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃል?

በወረቀት ላይ አዎ፣ በተግባር አይበቃም። ከመነጠቁ በፊት ደጋግሞ ይነቃቃል፤ በተነቃቃ ቁጥር የሚያወጣው ብርሃን ከኤሌክትሮኖቹ ኪስ የወጣ ነው። ይሄን ስትደምሩ አንድ አዮናይዜሽን 25፣ 30 ኤሌክትሮን ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ያስወጣል። ሙቀቱ ከ5 በታች ሲሆን ደግሞ ወጪው ሽቅብ ይተኮሳል፤ ብዙ ማነቃቃት፣ ጥቂት መንጠቅ።

ለእኛ ግን ይሄ ክፋት የለውም። ሰሌዳው ላይ ሊወርድ የነበረ ኃይል በብርሃን መልክ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበተናል። ብዙ መንጠቅ ከፈለጋችሁ ግን ኃይል ያስፈልጋችኋል፣ ኃይሉ ካለቀ አዮናይዜሽኑም ይቆማል። ይቺን ያዟት፣ ስለ ዲታችመንት ስናወራ ትመጣለች።

"ኪኔቲክ" ማለት ምን ማለት ነው?

ፕላዝማን ለማስላት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እንደ ፈሳሽ ማየት ነው። በእያንዳንዷ ቦታ አንድ ጥግግት፣ አንድ ፍጥነት፣ አንድ ሙቀት ትሰጣላችሁ፣ አለቀ። ይሄ የሚሠራው ቅንጣቶቹ ቶሎ ቶሎ እየተጋጩ ፍጥነታቸውን ሲከፋፈሉ ነው። ሁለተኛው ኪኔቲክ ነው። በእያንዳንዷ ቦታ ስንቱ ቀርፋፋ ነው፣ ስንቱ ፈጣን ነው፣ ወዴት ነው የሚሮጠው የሚለውን ሁሉ ትቆጥራላችሁ።

የትኛው ያስፈልጋል? አንድ ኤሌክትሮን ሳይጋጭ የሚጓዘውን ርቀት ውሰዱ። ለማስላት ቀላል ነው። ሙቀቱን በኤሌክትሮን ቮልት ወስዳችሁ ካሬ አድርጉት፣ በ10 ሺህ ቢሊዮን ሺህ አባዙት፣ በአንድ ኩቢክ ሜትር ባለው የኤሌክትሮን ብዛት አካፍሉት። መልሱ በሜትር ይመጣል። ግምት ነው፣ ግን ይሠራል።

ሴፓራትሪክሱ ጋ ሙቀቱ 100፣ ብዛቱ 10 ቢሊዮን ቢሊዮን ይሁን። ምናልባት ብዙ ይመስላል፣ ግን ከምንተነፍሰው አየር ከሚሊዮን ጊዜ በላይ የሳሳ ነው። ቀመሩ 10 ሜትር ይሰጣል። ሰሌዳው አጠገብ ሙቀቱ 10 ሆኖ ብዛቱ በ10 እጥፍ ይጨምር። አሁን 1 ሴንቲሜትር ይመጣል። ሁለቱ ቦታዎች ደግሞ በአንድ የመስክ መስመር ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በትልቅ ማሽን በአሥሮች ሜትር የሚቆጠር ነው። ታች ያለው ኤሌክትሮን በየሴንቲሜትሩ ይጋጫል፣ ላይ ያለው ደግሞ የመንገዱን ጥሩ ድርሻ ማንንም ሳይነካ ይሮጣል። ፈሳሽ ነው ብትሉ ግማሽ እውነት ነው፣ አይደለም ብትሉም ግማሽ እውነት ነው። ጠርዙን ክፉ ያደረገው ይሄ መሃል መንገድ ላይ መቅረቱ ነው።

ግን አማካዩን ሙቀት ካወቅን አይበቃም? ጥቂት ፈጣን ኤሌክትሮኖች ምን ያመጣሉ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ቁጥር እንሥራ።

በማንኛውም ሙቀት ላይ የኤሌክትሮኖቹ ጉልበት የተለያየ ነው። ተረጋግተው በማክስዌል ስርጭት ሲደለደሉ ስንቱ ከ13.6 በላይ እንዳለው ማስላት ይቻላል። በ10 ኤሌክትሮን ቮልት ሙቀት 44 በመቶው ከዚያ በላይ ነው። በ3 ኤሌክትሮን ቮልት 3 በመቶ ገደማ ይሆናል። በ1 ኤሌክትሮን ቮልት ከሚሊዮን 5 ብቻ። ከ10 ወደ 1 ስትወርዱ ሙቀቱ አሥር ጊዜ ነው የቀነሰው፣ አቅም ያለው ኤሌክትሮን ግን ወደ 80 ሺህ ጊዜ ቀነሰ።

እንግዲህ በዚያች 1 ኤሌክትሮን ቮልት ፕላዝማ ውስጥ ከላይ ከሞቃቱ ቦታ ሳይጋጩ የደረሱ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ጨምሩ። ከመቶ አንድ፣ ሙቀታቸው 30 ይሁን። አማካዩ ከ1 ወደ 1.3 ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ማንም አያስተውለውም። ግን ከእነዚህ እንግዶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከ13.6 በላይ አላቸው፣ ስለዚህ ከጠቅላላው ኤሌክትሮን 0.8 በመቶው አሁን አቶም መንጠቅ ይችላል። ከሚሊዮን 5 የነበረው ከሚሊዮን 8 ሺህ ሆነ ማለት ነው። ከ1,500 እጥፍ በላይ! ይሄ ለማሳየት ያህል የመረጥኩት ምሳሌ ነው፣ የየትኛውም ማሽን ልኬት አይደለም። ነገሩ ግን ይሄው ነው። አማካዩ ምንም ሳይል ጭራው፣ ማለትም እነዚያ ጥቂት ፈጣኖች፣ ሥራውን ይሠራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ነገሩ ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ አይደለም። አዮናይዜሽን ጉልበቱን የሚወስደው ከእነዚያው ፈጣኖች ነው። አንዱ ኤሌክትሮን አቶም ከነጠቀ በኋላ ራሱ ቀርፋፋ ይሆናል፣ ከአቶሙ የወጣውም አዲስ ኤሌክትሮን ብዙ ጊዜ ቀርፋፋ ነው። ግጭት ጭራውን ቶሎ ካልሞላው ጭራው ይሳሳል፣ አዮናይዜሽኑም የማክስዌል ስርጭት ከሚሰጠው ቁጥር በታች ይሆናል። የትኛው ያሸንፋል የሚለው ከቦታ ቦታ ይለያያል። "ኪኔቲክ ውጤት አዮናይዜሽንን ይጨምራል" የሚል ጥቅል አባባል ስትሰሙ ጠርጥሩ።

ሙቀት የሚያመላልሱትስ እነዚሁ ናቸው?

አዎ፣ የባሰውም እዚህ ነው። በመስኩ መስመር ላይ ሙቀት የሚሸከሙት አማካዮቹ ሳይሆኑ ከእነሱ 3 እና 4 እጥፍ የሚፈጥኑት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ያለ ግጭት የሚሄዱት ርቀት ደግሞ በፍጥነቱ አራተኛ ኃይል ነው የሚያድገው። 3 እጥፍ የፈጠነ 81 እጥፍ ይርቃል፣ 4 እጥፍ የፈጠነ 256 እጥፍ። አማካዩ 1 ሜትር ሲሄድ እሱ መንገዱን በሙሉ ያለ ግጭት ይጨርሳል።

የተለመደው የሙቀት ማስተላለፍ ቀመር፣ የስፒትዘርና የሄርም የሚባለው፣ ሙቀት የሚፈስሰው እዚያው ቦታ ላይ ባለው የሙቀት ልዩነት ነው ብሎ ያስባል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ አያውቅም። ግጭት ሲያንስ ቀመሩ የማይሆን ትልቅ ቁጥር ይሰጣል። ሰዎች ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ልጓም ያስገቡለታል፤ ኤሌክትሮኖቹ በነፃ ቢሮጡ ሊሸከሙ ከሚችሉት ከዚህ ያህል ክፍልፋይ በላይ አይለፍ ይሉታል። ክፍልፋዩ ብዙ ጊዜ ልኬት ጋር እስኪገጥም የሚስተካከል ቁጥር ነው። ይሠራል፣ ግን ልቤን አይሞላውም። ከታች ያለው ችግር ሳይፈታ ከላይ የተለጠፈ ነው።

ገለልተኛ አቶሞቹስ እንደ ፈሳሽ ይታሰባሉ?

እነሱ የባሱ ናቸው። መስኩ አይይዛቸውም፣ እንደፈለጉ ይሄዳሉ። ከተሰበረ ሞለኪውል የወጣ አቶም ብዙውን ጊዜ 3 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይይዛል። በዚያ ፍጥነት፣ በተለመደው የጠርዝ ጥግግት፣ አዮን ሳይሆን ጥቂት ሴንቲሜትር ይዘልቃል፤ ጥግግቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ጥቂት ሚሊሜትር። የሽፋኗ ስፋት ራሱ በሚሊሜትር የሚቆጠር መሆኑን አትርሱ።

ሌላም ጨዋታ አለ፣ ቻርጅ መቀያየር። ፈጣን አዮን በቀርፋፋ አቶም አጠገብ ሲያልፍ ኤሌክትሮኑን ይወስድበታል። አሁን ፈጣኑ አቶም ሆነ፣ ቀርፋፋው አዮን ሆነ። ፈጣኑን የሚይዝ መስክ የለም። ወይ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፣ ወይ ግድግዳውን ሄዶ ይመታል። ዳይቨርተሩ በሌለበት ቦታ ግድግዳው የሚበላው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ለዚህ ነው ገለልተኞቹ ለብዙ ዓመታት በሞንቴ ካርሎ ዘዴ ሲሰሉ የኖሩት። እያንዳንዱ የኮምፒውተር አቶም ይላካል፣ በየመንገዱ ዕጣ ይወጣለታል፤ ይነጠቅ፣ ይቀያየር ወይስ ይለፍ? በጀርመን ዩሊክ የተሠራው አይሪኔ የተባለ ኮድ ይሄን ይሠራል። ፕላዝማውን እንደ ፈሳሽ ከሚያየው ክፍል ጋር ተጣምሮ ሶልፕስ ኢተር የሚባለውን ጥቅል ይሰጣል። የኢተር ዳይቨርተር ስሌት በብዛት የሚሠራው በእሱ ነው።

ሰሌዳው ጋ ሲደርስ ምን ይሆናል?

የመጨረሻዋ ሽፋን ሺዝ ትባላለች፣ ውፍረቷ ከአንዲት የፀጉር ዘለላ አይበልጥም። ኤሌክትሮኖች ፈጣን ስለሆኑ ቀድመው ሰሌዳውን ይመቱና አሉታዊ ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው የሚመጡትን ኤሌክትሮኖች ይገፋል፣ አዮኖችን ይስባል። ግፊቱ የኤሌክትሮኑን ሙቀት 3 እጥፍ ገደማ ነው። ያን መሰናክል የሚያልፉት እንደገና ጭራው ላይ ያሉት ናቸው። አዮኖቹ ደግሞ ሺዟ ጋ ሲደርሱ ቢያንስ ድምፅ በፕላዝማው ውስጥ የሚሄድበትን ፍጥነት መያዝ አለባቸው፤ ይሄን የፊዚክስ ሊቁ ዴቪድ ቦም በ1949 ነው ያስቀመጠው።

አዮኑ በሺዟ ተፈጥኖ ሲመታ ጉልበቱ ከፕላዝማው ሙቀት በላይ ነው። ሙቀቱ 10 ከሆነ ዲዩቴሪየሙ በ50 ገደማ ይመታል። ተንግስተን በዲዩቴሪየም ለመፈርፈር ከ200 በላይ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሰላም ነው። ሦስት ቻርጅ ያለው ናይትሮጅን (ለምን እንደሚረጭ ከታች እናያለን) ግን በዚያው ሙቀት በ110 ይመታል፣ ክብደቱም ስላለ የሚፈልገው ከ100 በታች ነው። ተንግስተኑን የሚበላው ብዙ ጊዜ ዋናው ነዳጅ ሳይሆን እንዲህ ዓይነቱ እንግዳ ነው።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ። የወጣው የተንግስተን አቶም ኤሌክትሮኑን ለመልቀቅ 8 ኤሌክትሮን ቮልት እንኳ አይሞላም የሚጠይቀው። ስለዚህ ጥቅጥቅ ባለ ፕላዝማ ውስጥ ከሰሌዳው ብዙም ሳይርቅ አዮን ይሆናል። አዮን ሲሆን መስኩ ይይዘውና መዞር ይጀምራል፤ ከባድ ስለሆነ የክቡ ሬድየስ ወደ አንድ ሚሊሜትር ይጠጋል። የተነጠቀበት ቦታ ከዚያ ክብ ካጠረ፣ አንድ ዙር እንኳ ሳይጨርስ ተመልሶ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። የወጣበት አካባቢ ነው የሚመለሰው! አዮናይዜሽኑ ትንሽ ቢዘገይ ግን አምልጦ ወደ መሃል ይሄዳል፣ እዚያ ጥቂት ተንግስተን እንኳ ቢገባ ኃይሉን በጨረር ያፈስሰዋል። ኢተር በ2023 የውስጥ ግድግዳውን ከቤሪሊየም ወደ ተንግስተን ለመቀየር ስለወሰነ ይቺ የሚሊሜትር ሩጫ ይበልጥ ታሳስባለች።

ዲታችመንት የምትሉት ምንድን ነው?

ፕላዝማው ሰሌዳውን እንዲለቅ ማድረግ። ናይትሮጅን፣ ኒዮን ወይም አርጎን ትንሽ ይረጫል፣ ኃይሉን በጨረር ይበትነዋል። ሙቀቱ ወደ 5 ኤሌክትሮን ቮልት ሲወርድ አዮናይዜሽን ይደክማል፣ ቻርጅ መቀያየር ግን አይደክምም። አዮኖቹ ከገለልተኞቹ ጋር እየተፋተጉ ግፊታቸውን ያጣሉ። ወደ 1 ሲወርድ ደግሞ ኤሌክትሮንና አዮን ተመልሰው ይገናኛሉ፤ ፕላዝማው ሰሌዳው ሳይደርስ እዚያው ጋዝ ይሆናል። የአዮናይዜሽኑ ቦታ ከሰሌዳው ተነስቶ ወደ ላይ ይሸሻል።

ችግሩ ማቆሚያው ነው። ብዙ ከረጫችሁ ቀዝቃዛው ክፍል ወደ ላይ ወጥቶ መሃሉን ይነካል፣ ፕላዝማውም ሊፈርስ ይችላል። ናይትሮጅን በሥራው ጎበዝ ነው፣ ግን ከሃይድሮጅን ጋር አሞኒያ ይሠራል፤ ነዳጁ ትሪቲየም (ሬድዮአክቲቭ የሆነው የሃይድሮጅን ዓይነት) ሲሆን ያንን መለየት ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው።

ከሴፓራትሪክሱ ወደ ውስጥስ? እዚያም ኪኔቲክ ነገር አለ?

አለ። በ1982 በጀርመን ጋርሺንግ ባለው አስዴክስ የተባለ ቶካማክ ላይ ፍሪትዝ ዋግነር ያየው ኤች ሞድ የሚባለው ሁኔታ ጠርዙ ላይ ቀጥ ያለ ገደል ያቆማል። በጥቂት ሴንቲሜትር ውስጥ ሙቀቱ ከ100 ወደ ሺዎች ይዘላል። ገደሉ ፔዴስታል ይባላል። የአዮኖቹ የመወዛወዣ መንገድ ደግሞ ከገደሉ ስፋት ጋር ይቀራረባል። አንድ አዮን በአንድ ዙር ውስጥ የገደሉን አናትም ግርጌም ያያል፣ አንዳንዱም ድንበሩን አልፎ ይጠፋል። "እዚህ ቦታ ያለው ሙቀት" የሚለው አነጋገር እዚያ ትርጉሙ ይላላል።

ነዳጅ ላይም ችግር አለ። በትልቅና ጥቅጥቅ ባለ ማሽን ከግድግዳ የሚመጣ አቶም ሴፓራትሪክሱን ሳያልፍ ውጭ ላይ አዮን ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ኢተር ላይ የበረደ ነዳጅ በጥይት መልክ ወደ ውስጥ መተኮስ ያስፈልጋል።

ሁሉንም በኪኔቲክ አስልቶ መገላገል አይቻልም?

ቢቻል ማን ይጠላል። ሦስት የቦታ፣ ሦስት የፍጥነት አቅጣጫ አለ። በእያንዳንዱ 100 ነጥብ ብቻ ብትይዙ አንድ ሺህ ቢሊዮን ቁጥር ይመጣል፣ ያውም ለአንድ ቅጽበት፣ ለአንድ ዓይነት ቅንጣት። በ5 ቴስላ መስክ ውስጥ ኤሌክትሮን በሰከንድ 140 ቢሊዮን ጊዜ ይዞራል፣ ዳይቨርተሩ የሚረጋጋው ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ዘላለም በሚመስል ጊዜ ነው። ጃይሮኪኔቲክ ኮዶች መሽከርከሩን በአማካይ ያልፉትና አንድ አቅጣጫ ይቀንሳሉ። እንደዚያም ሆኖ በዓለም ትልልቆቹ ኮምፒውተሮች ላይ ነው የሚሮጡት። አቶሞቹንና ሞለኪውሎቹን ስታስገቡበት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

እንዴት ነው የሚለካው? ልኬቶቹስ ይስማማሉ?

ሁልጊዜ አይስማሙም፣ ያለመስማማታቸው ምክንያት ደግሞ ትምህርት ነው። አንዱ መሣሪያ የላንግሙር መመርመሪያ ነው፣ ፕላዝማ የሚለውን ስም በ1928 ባወጣው ሰው የተሰየመ። ሰሌዳው ላይ የተተከለች ትንሽ ብረት ናት። ቮልቴጇን ትቀያይራላችሁ፣ ምን ያህል ጅረት እንደመጣ ታያላችሁ፣ ከኩርባው ሙቀቱን ታወጣላችሁ። ሁለተኛው የቶምሰን ብተና የሚባለው ነው፣ ባጭሩ ቶምሰን። ሌዘር ይላካል፣ ኤሌክትሮኖቹ የበተኑት ብርሃን ምን ያህል እንደሰፋ ይታያል።

ዲታች በሆነ ፕላዝማ ላይ ቶምሰን 1 ወይም ከዚያ በታች ሲል፣ መመርመሪያዋ በዚያው ቦታ ከፍ ያለ ቁጥር ልትሰጥ ትችላለች። መጀመሪያ መሣሪያው ተበላሽቷል ትላላችሁ። ግን አስቡት። ሙቀቱ የሚነበብበት የኩርባው ክፍል ብረቷ አሉታዊ ሆና ኤሌክትሮን የምትገፋበት ነው። በዚያ ግፊት አልፈው የሚደርሱት ፈጣኖቹ ብቻ ናቸው። ሌዘሩ የሚያየው ደግሞ ብዙኃኑን ነው፤ ከመቶ አንድ የሆኑት ጥቂቶች ብርሃናቸው ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚሳሳ በጫጫታው ውስጥ ይዋጣሉ። ሌሎችም ምክንያቶች ይቀርባሉ፣ ለምሳሌ የብርዱ ፕላዝማ የራሱ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ። ግን ከመመርመሪያዋ የወጣውን ቁጥር በቀጥታ አዮናይዜሽን ቀመር ውስጥ የሚከት ሰው ካያችሁ፣ የትኛውን የኩርባውን ክፍል እንደተጠቀመ ጠይቁት።